በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ የአንገት ዕባጭና የቀጭን መርፌ ምርመራ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን አባባል ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ የለም። በችግር ላይ ሌላ ችግር ሲደረብብን የምንናገረው ነው። አባባሉን ያወጡት አባቶችና እናቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ባይገቡም በአንገት አካባቢ ከሚያብጡት ዕጢዎች ዋና ዋናዎቹን ሁለቱን በአንድ አፍ ጠርተዋቸዋል። እንቅርት ከማንቁርት በታች ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲያብጥ የሚታየው ሲሆን፣ ጆሮ ደግፍ ደግሞ ከጆሮ ሥር ያለው የምራቅ ዕጢ የሚያብጥበት በሽታ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እነዚሁ ሁለት ዕጢዎች ነው። ዕባጩ ካንሰር ይሁን አይሁን ሐኪሞች በምን እንደሚለዩት፣ በተለይም በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ ስለሚደረገው ምርመራ ሰፋ አድርገን እንጽፋለን።

ርዕሱን የመረጥነው በምክንያት ነው። በሰው አገር ቤት ውስጥ የምትሠራ እህት አንገቷ ላይ ዕባጭ ስታገኝ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታደርገው ሻሽ መጠምጠም ነው። «ማዳም ካየች ለቢሮው ትመልሰኛለች»፣ «ካንሰር ነው ካሉኝ ደመወዜ ይቆማል፣ አገር ቤት ያሉትስ?» ብላ ታስባለች። እንዲህ እየተባለ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይሄዳል። ከዚያም በላይ ደግሞ ከዚህ ዓይነቱ ዕባጭ አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ሊታከም የሚችለውም ካንሰር ሆነ ጉዳት የሌለው ዕባጭ የሚለየው ደቂቃዎች ብቻ በሚፈጅ ምርመራ ነው።

አስቀድመን ግን አንድ ቃል እናጥራ። በአማርኛችን «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። ማንኛውም ሰው ከነጤንነቱ ያለው፣ ምራቅ ወይም ሆርሞን የሚያመነጨው አካልም ዕጢ ይባላል፤ ያለ ቦታው የበቀለ እብጠትም ዕጢ ይባላል። ስለዚህ «የዕጢ ምርመራ ያስፈልጋታል» ሲባል የሰማች ሁሉ ካንሰር አለብኝ ብላ መደንገጥ የለባትም። «ነቀርሳ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ለካንሰርም ለሳንባ በሽታም እንጠራበታለን፤ ሁለቱ ግን ፈጽሞ የማይገናኙ ሕመሞች ናቸው። ዐረቦቹም ቢሆኑ «ጉዳ» ሲሉ ዕጢ ማለታቸው ነው። «ጉዳ ደረቂያ» የታይሮይድ ዕጢ ነው። ማዳም «ዒንዲክ ጉዳ» ካለች የታይሮይድ ችግር አለብሽ ማለቷ እንጂ የሞት ፍርድ መስጠቷ አይደለም።

እንቅርት በእኛ አገር ለምን በዛ?

የታይሮይድ ዕጢ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል። ሥራው ሰውነታችን ኃይል የሚያቃጥልበትን ፍጥነት የሚቆጣጠር ሆርሞን መሥራት ነው። ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። አዮዲን በባሕር ውስጥ ሞልቷል፤ በደጋው መሬት ግን ለዘመናት የዘነበው ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑንም ይዞት ሄዷል። በዚያ አፈር የበቀለ እህል አዮዲኑ ያነሰ ነው። ዕጢው የሚፈልገውን ሲያጣ ያለችውን ጥቂት ለማጠራቀም ብሎ ራሱን ያሳድጋል፤ እንቅርት ማለት ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ በ2005 በአገሪቱ በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ውስጥ ከመቶው 40 የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው ታይቷል። መንግሥት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ በ2011 ነው። ልብ በሉ፤ ዛሬ በቤይሩት፣ በዱባይ፣ በሪያድና በኩዌት ከምንሠራው መካከል ብዙዎቻችን ያደግነው ከዚያ ደንብ በፊት ነው። እናቶቻችን አንገታቸውን ሲነቀሱ ንቅሳቱ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ይመልሳል የሚሉ ነበሩ። ንቅሳቱ ውበቱን ሰጥቷል፤ አዮዲን ግን አልሰጠም።

ዕጢው አንድ ላይ ሊያብጥ ይችላል፤ ወይም በውስጡ አንድ ወይም ብዙ ጉብታ ሊያበቅል ይችላል። ጉብታ የሚወጣባቸው ሴቶች ከወንዶች ይበልጣሉ። ከነዚህ ጉብታዎች ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆኑት ካንሰር አይደሉም። ካንሰር የሆኑትንም ቢሆን በአብዛኛው በጊዜ ከተገኙ ማዳን ይቻላል። ሐኪሙን የሚያስቸግረው ሁለቱም ከላይ ሲዳሰሱ መመሳሰላቸው ነው።

በመስታወት ፊት

ማንም ሳያይ በመታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቁሙና አንገታችሁን ጥቂት ወደ ኋላ ቀና አድርጋችሁ አንድ ጉንጭ ውኃ ዋጡ። የታይሮይድ ዕባጭ ከሆነ በምትውጡበት ጊዜ አብሮ ወደ ላይ ይወጣና ይመለሳል። ከጎን በኩል ወይም ከመንጋጋ ሥር ያለና ስትውጡ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ምናልባት የምራቅ ዕጢ ወይም ንፍፊት ሊሆን ይችላል። ይህ ሙከራ ዕባጩ የት እንዳለ ይነግራችኋል እንጂ ምን እንደሆነ አይነግራችሁም።

ቀን ሳይሰጥ ሐኪም ማየት የሚገባው በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት ያደገ ዕባጭ፣ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ከቦታው የማይነቃነቅ ዕባጭ፣ ጉንፋን ሳይኖር ድምፅ ሻክሮ ሲቀር፣ ምግብ ሲውጡ ወይም ሲተነፍሱ ሲያስቸግር፣ በአንገት ጎንና ጎን ሌሎች ትናንሽ እብጠቶች አብረው ሲወጡ ነው። በቤተሰብ ውስጥ የታይሮይድ ካንሰር የነበረበት ሰው ካለ፣ ወይም በልጅነት አንገት ላይ የጨረር ሕክምና ተደርጎ ከነበረ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። አለመታመሙ ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የታይሮይድ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ አያምም።

ወደ መርፌው ከመድረስ በፊት ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው የደም ምርመራ ነው። ሆርሞኑ ከበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይበዛል፣ ሰውነት ይከሳል። ካነሰ ደግሞ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መወፈርና የእንቅልፍ ብዛት ይመጣል። በነገራችን ላይ «ሰነፍ ሆነች» ተብላ የምትሰደብ እህት አንዳንዴ ስንፍና ሳይሆን የሆርሞን እጥረት ይዟት ሊሆን ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በኪኒን ይስተካከላል። ነገር ግን የደም ምርመራው ካንሰርን አያሳይም። ካንሰር ባለባቸው በብዙዎቹ ላይ ደሙ ደህና ነው።

ሁለተኛው አልትራሳውንድ ነው፤ በሊባኖስ «ኢኮ» በሌሎቹ አገሮች «ሶናር» ይሉታል። ነፍሰ ጡር ሲታይ የምናውቀው መሣሪያ ነው፤ ጨረር የለውም። የጉብታውን መጠን፣ ጠርዙ የተስተካከለ ወይም የተሸራረፈ መሆኑን፣ በውስጡ ውኃ ወይም ጠጣር ነገር መኖሩን፣ ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣቦች መታየታቸውን ያሳያል። ሐኪሙ በዚህ ተመርቶ የቱ ጉብታ መወጋት እንዳለበት ይመርጣል። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ጉብታ ብዙውን ጊዜ አይወጋም።

ይህን የምንለው ሁሉም ሰው ተሰልፎ አንገቱን ይታይ ለማለት አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች በብዛት በአልትራሳውንድ እየታዩ፣ ካንሰር የተባለባቸው ሰዎች ቁጥር እ.ኤ.አ ከ1993 እስከ 2011 ባለው ጊዜ 15 እጥፍ ደረሰ፤ በዚህ በሽታ የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን እንደነበረ ቆየ። ዕድሜ ልካቸውን ጉዳት ሊያደርሱ የማይችሉ ጥቃቅን ካንሰሮች ተገኝተው ብዙ ሰው ያለ አስፈላጊነት ዕጢውን ተቆርጧል። ምርመራው ዕባጩ ለሚታያት ወይም ለሚዳሰሳት ነው።

መርፌዋ

የእህል ነጋዴ ጆንያ ሲገዛ አፉን ፈትቶ አይዘረግፈውም። በሹል ቱቦ ጎኑን ወግቶ ጥቂት ፍሬ ወደ መዳፉ ያወርድና ያየዋል፤ ነቀዝ ካለው ያውቃል። የቀጭን መርፌ ምርመራም አሠራሩ ይኸው ነው። ዕባጩ ሳይቆረጥ ከውስጡ ጥቂት ሕዋሳት ተስበው ይወጡና በማይክሮስኮፕ ይታያሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት በኮርዶባ የነበረው ዐረባዊ ሐኪም አል-ዛህራዊ እንቅርትን በመርፌ እየወጋ ይመረምር እንደነበር ይነገራል። በዘመናችን እ.ኤ.አ በ1930 በኒው ዮርክ ሜሞሪያል ሆስፒታል ሐኪሞች ወፈር ባለ መርፌ ዕባጮችን መርምረው አስታወቁ። ዛሬ የምንጠቀምበትን ቀጭን መርፌ ያስፋፉት ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ሐኪሞች ናቸው።

ብዙዎች መርፌው ስንት ክንድ ነው ብለው ይፈራሉ። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ለኢቃማ ደም ሲቀዳ የገባው መርፌ ከዚህ ይወፍራል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ማደንዘዣ እንኳ አይሰጡም፤ የሚሰጡም አሉ። ቁርስ በልቶ መሄድ ይቻላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም አስፒሪን የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ። የአንገት ሐብልና ማተብ ወደ ጎን ይደረጋል ወይም ለጊዜው ይፈታል፤ አንገቱ ክፍት የሆነ ልብስ ቢለበስ ይመቻል። ነፍሰ ጡር ብትሆኑም ምርመራው ይደረጋል።

አልጋው ላይ በጀርባችሁ ትተኛላችሁ። ከትከሻችሁ ሥር ትራስ ይገባና ራሳችሁ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል። ቆዳው በአልኮል ይጠረጋል፤ በአልትራሳውንድ የሚመሩ ከሆነ ቀዝቃዛ ቅባት ይቀባል። ከዚያ ሐኪሙ «አትዋጡ፣ አትናገሩ» ይላል። ዕጢው በምትውጡበት ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ ነው። መርፌው ገብቶ ለጥቂት ሰከንዶች በዕባጩ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፤ ያኔ ግፊት እንጂ ስለት አይሰማም። ከተለያየ ቦታ እንዲወሰድ ይህ ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ይደገማል። በመጨረሻ ጥጥ ይዛችሁ ጥቂት ደቂቃ ትጫናላችሁ። አለቀ።

አንዳንዴ ሲሪንጁ ቡናማ ፈሳሽ ይሞላና ዕባጩ ዐይናችሁ እያየ ይሟሽሻል። ይህ ውኃ የቋጠረ ጉብታ ነው። ብዙዎች በዚህ ተደስተው «ዳንኩ» ብለው ውጤቱን ሳይወስዱ ይቀራሉ። ፈሳሹ ተመልሶ ሊሞላ ይችላል፤ የወጣውም ፈሳሽ መመርመር አለበት።

የወጣው ናሙና በመስታወት ላይ ጠብ ይደረግና በሌላ መስታወት ቅቤ በዳቦ ላይ እንደሚቀባ ይቀባል። ግማሹ በአየር ይደርቃል፣ ግማሹ በአልኮል ይነከራል፤ ከዚያ በሰማያዊና በሐምራዊ ቀለም ይቀለማል። ፓቶሎጂስት የሚባለው ሐኪም የሚያየው ይህንን ነው። ጤነኛ ዕጢ ከሆነ እንደ ስስ ማር ያለ ነገርና በሥርዓት የተደረደሩ ተመሳሳይ ሕዋሳት ይታዩታል። ከታይሮይድ ካንሰሮች በብዛት የሚገኘው ፓፒለሪ የሚባለው ካንሰር ሲሆን ግን የሕዋሱ አስኳል ይተልቅና ይገረጣል፤ መካከሉን ለሁለት የሚከፍል ስንጥቅ ይወጣበታል። ሐኪሞቹ ራሳቸው የቡና ፍሬ ይመስላል ይሉታል። ቡና ለቅመን ለምናውቅ ለእኛ ከዚህ የተሻለ ሥዕል አይገኝም።

በአገራችን «ካንሰርን ብረት ከነካው ይበተናል» የሚል ፍራቻ አለ፤ በዚህም የተነሳ ከመርፌው የሚሸሹ ብዙ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ዐሥርተ ዓመታት በዓለም ዙሪያ ቁጥር ስፍር የሌለው ሕዝብ በዚህ መርፌ ተወግቷል። ካንሰር በመርፌው መንገድ ተከትሎ የበቀለበት አጋጣሚ እጅግ ከስንት አንድ ነው። ፍራቻው የመጣው ምናልባት ሰው ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ስለሆነ ይመስለናል፤ ቢላው የተወቀሰው መዘግየቱ ባጠፋው ነው።

ከምርመራው በኋላ የሚጠበቀው ትንሽ ሕመምና ትንሽ መበለዝ ነው። በዚያው ቀን ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል፤ ምንጣፍ ማንሳትና የውኃ ጋሎን መሸከም ግን ለነገ ይደር። አንገት በድንገት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ይህ የሚያጋጥመው ከስንት አንድ ነው።

«ነቲጃ» ሲመጣ

የታይሮይድ ውጤት በብዙ አገሮች ቤቴስዳ በሚባል አከፋፈል ይጻፋል። እ.ኤ.አ በ2007 በአሜሪካ ቤቴስዳ ከተማ ሐኪሞች ተሰብስበው የተስማሙበት ሲሆን መጨረሻ የታደሰው በ2023 ነው። ከ1 እስከ 6 ቁጥር አለው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ቁጥሩን ፈልጉ።

ቁጥር 1 ማለት ናሙናው አልበቃም ማለት ነው። ሐኪሙ ለመፍረድ ቢያንስ 6 ቡድን ሕዋሳት ያስፈልጉታል፤ በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥም ቢያንስ 10 ሕዋስ መኖር አለበት። ደም ብቻ ከወጣ መልስ የለውም። ስለዚህ ቁጥር 1 «ምንም የለብሽም» ማለት አይደለም፤ ምርመራው ይደገም ማለት ነው። ቁጥር 2 ካንሰር አይደለም የሚለው ነው፤ ከመቶ ሰው በ4ቱ ገደማ ብቻ ነው በኋላ ካንሰር የሚገኘው። ቁጥር 6 ደግሞ ካንሰር ነው ማለት ነው፤ ከመቶው 97ቱ በትክክል ካንሰር ሆኖ ይገኛል። ቁጥር 5 በጣም ያጠራጥራል፤ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ካንሰር ናቸው።

አስቸጋሪዎቹ 3 እና 4 ናቸው። በቁጥር 3 ከመቶው 22 ያህሉ፣ በቁጥር 4 ከመቶው 30 ያህሉ ካንሰር ይሆናሉ። ሐኪሙ ምን አጥቶ ነው ቁርጡን የማይነግረን የምትል እህት አትጠፋም። ምክንያቱ ይህ ነው። ፎሊኩላር የሚባለው ካንሰርና ፎሊኩላር የሚባለው ካንሰር ያልሆነ ዕባጭ ሕዋሳቸው አንድ ዓይነት ነው። ልዩነታቸው ካንሰሩ የከበበውን ሽፋን ወይም የደም ሥር ጥሶ መውጣቱ ላይ ነው። አንድ በግ ከበረት ውስጥ አውጥቶ ያየ ሰው በጉን ያውቀዋል፤ የበረቱ አጥር መጣስ አለመጣሱን ግን በጉን በማየት ሊያውቅ አይችልም። አጥሩን ዞሮ ማየት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለአንዳንዶች ምርመራው ይደገማል፤ አቅሙ ባለበት የሕዋሱ ዘር ይመረመራል፤ ለሌሎች ደግሞ የዕጢው ግማሽ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሽፋኑ ሙሉ ይታያል። አዮዲን ባነሰበት አገር ይህ ፎሊኩላር የሚባለው ዓይነት ከሌላው አካባቢ በዛ ብሎ ስለሚገኝ ነገሩ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል።

ቁጥር 6 ለመጣባት እህት የምንነግራት አለን። ፓፒለሪ ካንሰር ከካንሰሮች ሁሉ በሕክምና ከሚድኑት አንዱ ነው። በአሜሪካ በተያዘ መዝገብ ከ100 ታማሚዎች ከ98 በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው፤ ለአንዳንዶች ብቻ የሚዋጥ የአዮዲን ጨረር ይጨመርበታል። ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልበለጡትን ደግሞ በጃፓን ኮቤ ከተማ የኩማ ሆስፒታል ሐኪሞች ከ1993 ጀምሮ ሳይቆርጡ በክትትል ሲጠብቁ ቆይተዋል፤ አብዛኞቹም አላደጉም። ሙሉ ዕጢው የወጣላት ሴት ዕድሜ ልኳን በየጠዋቱ በባዶ ሆዷ የሆርሞን ኪኒን ትወስዳለች። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ግማሹ ነው ወይስ ሙሉው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኪኒኑ የማይቋረጥ ወጪ ነውና አገር ቤት ከተመለሱ በኋላም ታስቦበት መኖር አለበት።

ከጆሮ ሥር

የምራቅ ዕጢዎች ዋና ዋናዎቹ ሦስት ጥንድ ናቸው። ከጆሮ ፊትና ሥር፣ ከመንጋጋ ሥር፣ ከምላስ ሥር። ጆሮ ደግፍ ሲይዝ ትኩሳት አለው፣ ያምማል፣ ብዙ ጊዜ በሁለቱም ወገን ያብጣል፤ በዐሥር ቀን ገደማ ውስጥም ይጎድላል። ምግብ ሲቀርብ አብጦ ከምግብ በኋላ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ የምራቁን መውጫ የዘጋ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ሳምንታት አልፎ የማይጎድል፣ በአንድ ወገን ብቻ ያለ ዕባጭ ግን መርፌ ይፈልጋል።

ከጆሮ ሥር ከሚወጡት ዕባጮች ከመቶው 80 ያህሉ ካንሰር አይደሉም። ዕጢው እያነሰ በሄደ ቁጥር ግን ካንሰር የመሆን ዕድሉ ይጨምራል፤ ከምላስ ሥር የወጣ ዕባጭ ከጆሮ ሥር ከወጣው ይልቅ ያሳስባል። እዚህ መርፌው ልዩ ጥቅም አለው። ፊታችንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በጆሮ ሥሩ ዕጢ መካከል ያልፋል። ሳይታወቅ በቢላ ቢነካካ ፊት ሊጣመም፣ ዕባጩም ፈርሶ በኋላ እንደገና ሊበቅል ይችላል። ቀጭኑ መርፌ ግን ሐኪሙ ምን እንዳጋጠመው አውቆ እንዲገባ ይረዳዋል። ዕባጩ ካለበት ወገን ፊት ከተጣመመ ወይም ዐይን አልከደን ካለ ምጥ ነው ብሎ አለመቀመጥ ነው፤ ይህ የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላልና።

የምራቅ ዕጢ ውጤት የሚጻፈው ሚላን በሚባል አከፋፈል ነው፤ እ.ኤ.አ በ2018 ወጥቶ በ2023 ታድሷል። የዚህ መርፌ መልስ አደገኛና አደገኛ ያልሆነውን በመለየት ጥሩ ነው፤ የካንሰሩን ስም በትክክል በመጥራት ግን ከታይሮይዱ ይደክማል፤ የምራቅ ዕጢ ዕባጭ ዓይነቱ ብዙ ነውና። ካንሰር ያልሆነውም ቢሆን ብዙ ጊዜ እንዲወጣ ይመከራል። በብዛት የሚገኘው ዓይነት ለብዙ ዓመታት ከተተወ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።

ንፍፊትም አለ

ከአገራችን ለምትመጣ ሴት አንድ ሌላ ነገር መነገር አለበት። በአንገት ጎን የሚወጣ ንፍፊት ካንሰር ሳይሆን የነቀርሳ (የቲቢ) ሕመም ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ከቲቢ ሕመምተኞች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ላይ በሽታው የሚገኘው ከሳንባ ውጭ ሲሆን የአንገት ንፍፊት ዋነኛው ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ ሆስፒታሎች ይህ መርፌ የተለመደው ከካንሰሩ ባልተናነሰ ለዚህ ነው። የንፍፊት ቲቢ ብቻውን ከሆነና ሳንባ ካልነካ በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በ6 ወር መድኃኒት ይድናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመኖሪያ ፈቃድ የሚደረገው ምርመራ የሳንባ ነቀርሳን ስለሚያካትት ብዙዎች ይፈራሉ፤ ፍራቻው የሚገባ ነው። ነገር ግን ሳይታከም የቆየ ቲቢ በሚቀጥለው ምርመራ መገለጡ አይቀርም፤ ያኔ ደግሞ ሳንባ ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ለማዳም እንዴት ይነገር?

በመጀመሪያ እንቅርትም ሆነ የታይሮይድና የምራቅ ዕጢ ካንሰር በመንካት፣ አብሮ በመብላት፣ ልጅ በማቀፍ አይተላለፍም። «ሙሽ ሙዕዲ» በሉ፤ አይተላለፍም ማለት ነው። ብዙ አሠሪዎች የሚደነግጡት ለልጆቻቸው ነው፤ ይህን ከሰሙ ይረጋጋሉ። የሐኪም ቤት ቋንቋውም ቢታወቅ ይጠቅማል። መርፌ «ኢብራ»፣ ምርመራ «ፋሕስ»፣ ውጤት «ነቲጃ» ነው። «ሐሚድ» ካሉ ካንሰር አይደለም ማለት ነው፤ «ኸቢስ» ካሉ አደገኛ ማለት ነው። «ሰረጣን» የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ወጪን በተመለከተ፣ በሊባኖስ እ.ኤ.አ በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል አሠሪው ሕክምና እንዲያሳክምና ኢንሹራንስ እንዲያስገባ ያዛል። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ የሕክምናን ወጪ ወይም የጤና ኢንሹራንስን በአሠሪው ላይ ጥሎታል። በወረቀት ያለው ሁሉ በቤት ውስጥ እንደማይፈጸም እናውቃለን። ደግሞም ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ለሚታከም ሰው እንጂ ተመላልሶ ለሚመረመር አይከፍልም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ካርዱ ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ ይህ ምርመራ ይሸፈን እንደሆነ ጠይቁ። መርፌውና ማይክሮስኮፑ ለየብቻ የሚከፈልባቸው ሐኪም ቤቶች ስላሉ ዋጋውን ስትጠይቁ ሁለቱንም ደምራችሁ ጠይቁ።

የውጤቱ ወረቀት የእናንተ ነው። አሠሪዋ ይዛው እንዳትቀር ቅጂ ጠይቁ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት፤ የአልትራሳውንዱንም ጨምሩ። ቀዶ ሕክምና አገር ቤት ለማድረግ ካሰባችሁ መስታወቶቹን በውሰት ማግኘት ይቻል እንደሆነ የላቦራቶሪውን ክፍል ጠይቁ፤ የአዲስ አበባው ፓቶሎጂስት እንደገና ሊያያቸው ይችላልና ሁለተኛ መወጋት ላያስፈልግ ይችላል።

ውጤታቸው ቁጥር 2 የሆነላቸው እህቶች ደግሞ ቀጠሮ አላቸው። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ አልትራሳውንዱ ከ12 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ እንዲደገም ይላሉ። የብዙዎቻችን ኮንትራት ሁለት ዓመት ስለሆነ ይህ ቀን ለዕረፍት ወደ አገር ከምንሄድበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። አሮጌውን ወረቀት በሻንጣ ይዞ መሄድ ነው፤ ጉብታው ማደግ አለማደጉ የሚታወቀው የያኔውን ልክ ከአሁኑ ጋር በማስተያየት ነውና።